በገጽ አርባ አንድ ያልወለድኳት ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓምሃ አለባቸው፣ ደሴ።

እንደምን ሰንብተሃል ዓምሃዬ? ጥምቀቱስ እንዴት አለፈ? የጦሳ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? የአባባ ጉልበት እንዴት ነው፤ አሁንም ደረጃውን የሚወርዱት ግድግዳ ይዘው ነው ወይስ ከዘራውን በመጨረሻ ተቀበሉ? ዓይናቸውስ? ባለቤትህ ገኒት ወገቧን ተሻላት? ልጃችሁ አቢ በሒሳቡ በረታ? አክስታችን ይታይሽስ አሁንም ሰፈሩን በሙሉ ከመስኮቷ ሆና ትቆጣጠራለች? ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ፤ ደህና ባትሆኑ ኖሮ አንተ ወዲያው ትነግረኝ ነበር፣ ክፉ ወሬ ለመላክ ሰንፈህ አታውቅም።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። የእኛ ሰፈር ሮመን ዳገት ስለሆነ መንገዱ መስታወት ሆኖ፣ እኔም ባቡር ጣቢያ የምደርሰው እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ ነው። እጄም እግሬም ይሠራል፣ እንቅልፍም አላጣሁም። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ታማ ነው፣ ብርዱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ብለህ እንዳታልፈው ነው።

በወረቀት የጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። ቴሌግራም ላይ ብጽፍልህ ያችን ቢጫ አውራ ጣትህን ልከህ ትገላገለኛለህ። ወረቀት ግን እጅህ ላይ ይቀራል፤ ቢያንስ የት እንደምትደብቀው ታስባለህ።

በቴሌግራም የላክህልኝን መጽሐፍ አየሁት። የቀኛዝማች እንግዳወርቅ ትውልድ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ስሕተት ካለ እስከ የካቲት መጨረሻ አሳውቂኝ ብለሃል። መቼም ደክመህበታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ወረኢሉ ድረስ እየወረድክ ሽማግሌ ለሽማግሌ መዞርህን አልክድህም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የአባባ ፎቶም አምሯል። እኔ የላክኩላቸውን ኩታ ለብሰው፣ ጥለቱ ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ እንደ ድሮ መኳንንት ተቀምጠዋል። ስሕተት ካለ ብለሃልና አንድ አግኝቻለሁ። ወደሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ አንዲት አሮጊት ልንገርህ። ታገሠኝ፣ ያለ እሳቸው ነገሬ አይገባህም።

ሥራዬ የምታውቀው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው፤ ዬመየልፕ ይሉታል፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት ማገዝ። ማክሰኞና ዓርብ ላምበርትሴተር የሚባል ሰፈር አንዲት የዘጠና አንድ ዓመት እንግሊዛዊት ቤት እገባለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ስማቸው ፊሊፓ ይባላል። እዚህ አገር ትንሹም ትልቁም አንተ አንቺ ስለሆነ ፊሊፓ በይኝ፣ ሌላ አትጨምሪ ይሉኛል። እኔ ግን በልቤ ወይዘሮ ፊሊፓ ነው የምላቸው፤ የሎርድ ልጅ ናቸውና ወይዘሮነቱ እንደ ድሮው የመኳንንት ነው።

ቤታቸው መግባት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ገንፎ ሠርቼላቸው ድስቱን የት ላሳርፈው ስል ጠረጴዛው ላይ ያለ ወፍራም መጽሐፍ አሳዩኝ። ቆዳ የለበሰ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ክብ ክብ የድስት ቃጠሎ ሞልቶበታል። እዚህ ላይ? ብዬ ደነገጥኩ። አዎ እዚያው ላይ፣ እነሱ ሙቀት ይችላሉ አሉኝ። እነሱ ያሏቸው ዘመዶቻቸውን ነው። መጽሐፉ የቤተሰባቸው የዌክስኮሞች ታሪክ ነበር፤ እንደ አንተው መጽሐፍ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ እኔ አቧራ ስጠርግ እሳቸው ይተርኩልኛል። የመጀመሪያው ዌክስኮም የንጉሥ ፈረስ ያዥ ነበር አሉ። ንጉሡ ከኮርቻ ሊወድቁ ሲሉ ደግፎ ስለያዛቸው መሬት ተሸለመ ይላል መጽሐፉ፤ ወይዘሮ ፊሊፓ ደግሞ ንጉሡ ሰክረው ነበር ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ዌክስኮም ከፓርላማው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ሚኒስትር ሆኖ የጦር መርከቦቹን ወደማይሆን ባሕር ላካቸው፤ መጽሐፉ በጤና ምክንያት ተሰናበተ ብሎ አልፎታል። ሌላው አንድ ሩቅ ደሴት ላይ ሸንኮራ ያስተክል ነበር። ስለ እሱ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፣ በንግድ ሀብት አፈራ የሚል። ሸንኮራውን ማን ነበር የሚቆርጠው ብዬ ጠየቅኳቸው። እጄን አዩት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የተገዙ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸው የትም አልተጻፈም አሉኝ። በእኛ ቀኛዝማች ቤት ውኃ ሲቀዱና እህል ሲፈጩ የኖሩት ሰዎችም በአንተ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ያን ጊዜ ግን መጽሐፍህ ገና አልደረሰኝም ነበር፤ እኔም አላሰብኳቸውም።

አያታቸው ደግሞ ጥበብ ወዳድ ነበር። ሰዓሊው፣ ገጣሚው፣ ሙዚቀኛው ከማዕዱ አይጠፋም፤ ግቢው ውስጥ ቴአትር ቤት ሁሉ አሠርቷል። አንድ ሰዓሊ አንድ በጋ ሙሉ ተቀምጦ ቤተሰቡን በአንድ ሸራ ላይ ሣላቸው። ሥዕሉ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ስድስት ልጆችና አራት ውሾች። የውሾቹ ስም ከሥሩ ተጽፏል። ጥግ ላይ ሕፃን ታቅፋ የቆመችው ሴት ግን ሞግዚት ብቻ ናት። አባታቸው በላይኛው ምክር ቤት አርባ ዓመት ተቀምጠው የተናገሩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ስለ ቀበሮ አደን ነበር። አጎታቸው ከጦርነቱ በፊት ሂትለርን ከሚያደንቁት ወገን ሆኖ እነዚያን ሰዎች እየጠራ እራት ያበላ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹ ጓሮ ውስጥ ተቃጠሉ፤ ወይዘሮ ፊሊፓ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ጭሱን በመስኮት አይተዋል። መጽሐፉ ይህን አጎት በጽጌረዳ አትክልቱ የታወቀ ይለዋል። እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ ነበር ዓምሃ። የሰው ገመና ሲሆን ያስቃል።

ታሪካቸው ወደ ራሳቸው ሲደርስ ግን ሳቄ ቆመ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለበረዶ ሸርተቴ ኖርዌይ መጥተው ትሮንድ የሚባል የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ወደዱ። አባታቸው ጥፍሩ ሥር ቀለም ያለበት ሰው ከእኔ ጋር አይቀመጥም ብለው ላኩባቸው። ተጋቡ፣ ላምበርትሴተር ያንን ሁለት ክፍል ቤት አገኙ፣ ኢንግሪድ የምትባል ልጅ ወለዱ። ሰውየው ሞቷል፤ ኢንግሪድ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሆና ትሮምሶ ትኖራለች። በፈረንጅ 1974 መጽሐፉ ሲታተም አንድ ቅጂ ያለ ደብዳቤ በፖስታ መጣላቸው። ፊሊፓ፣ አራተኛ ልጅ፣ ኖርዌይ የምትኖር፣ ዘር የላትም ይላል። ኢንግሪድ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ፖስታውን የከፈተችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ እኔ ምን እንዳልኩ ልነግርህ ያሳፍረኛል፤ ግን እነግርሃለሁ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም አልኳቸው። የወለል መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ ልክ እንደ አባባ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰባት ቤት መቁጠር ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰው ቢደኸይም፣ ቢሰደድም፣ ከአባቱ ጋር ቢጣላም ከሐረጉ አይነቀልም፣ እኛ ሰው አንሰርዝም አልኳቸው። እሳቸው ደስ እንዲላቸው የራሴን ሰባት ቤት እስከ ቀኛዝማች፣ ከቀኛዝማችም አልፌ ቆጠርኩላቸው። በእነዚያ ቀጫጭን እጆቻቸው አጨበጨቡልኝና የታደላችሁ ናችሁ አሉኝ። በሳምንቱ መጽሐፍህ ደረሰ።

መጀመሪያ ያነበበችው እኔ አይደለሁም፣ እየሩሳሌም ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ማንበብ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ እስካሁን ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ነው የምታነበው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ልብስ ሳጣጥፍ እሷ ስልኬን ይዛ ስሟን ስትፈልግ ነበር። አጎቴ ዓምሃ ስለኔ ምን ብሎ እንደጻፈ ልየው አለች። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበችው። ሐረገወይን አለባቸው፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ኑሮዋ ኖርዌይ፣ አልወለደችም። የመጨረሻውን ቃል ደግማ አነበበችው፤ የተሳሳተች መስሏት ነበር። ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የማጣጥፈውን ልብስ አስቀምጬ እስክቀርባት እሷ በኖርዌይኛ ለራሷ ተረጎመችው። ከዚያ ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እሺ፣ እኔ የለሁም ማለት ነው አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። አልጮኸችም፣ በሩንም አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ዓምሃ፣ አባባ አስጽፈውህ ይሆናል፤ የጻፈው ጣት ግን ያንተ ነው። ክርስትና የተነሣች ዕለት ፎቶዋን የላክኩት ላንተ ነው። በየልደቷ የእኔ ቆንጆ እያልክ ትጽፍላታለህ፤ ያችን ቢጫ ጣትና ቀይ ልብ ትደረድርላታለህ። በስልክ አለች፣ በመጽሐፍ የለችም። ይህን ስትጽፍ እጅህ አልከበደህም?

ሽማግሌዎቹ እኔን ለይመር ሊጠይቁ የመጡበትን ቀን አንተም ታስታውሳለህ፤ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፣ መጋረጃው ኋላ አብረን ነበርን። ይመር ያን ጊዜ የፊዚክስ መምህር ነው። አጎቱ ሰባቱን ቤት ቃል ሳይስት ቆጠረ፤ እንደ ዳዊት ነው ያወረደው። ከእኛ ጋር ዝምድና አልተገኘም፣ ነውር አልተገኘም። አባባ ግን በዚያ አልበቃቸውም፤ የእያንዳንዱን ሥራ ጠየቁ። ሸማኔ፣ ሸማኔ፣ ሸማኔ እያለ ሰውየው እስከ ሰባት ደረሰ፤ አንገቱንም አልደፋም። አባባ ቁጢት በጣሽ ከቤቴ አይገባም ብለው ተነሡ። የተገኘብን ጥፋት ያ ነው፤ የሚሠራ እጅ። ከዚያ በሱዳን አድርገን እዚህ እስክንደርስ ያየነውን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። እማማ እስክትሞት ድረስ ከይታይሽ ቤት እየደወለች ይመርን ልጄ ትለው እንደነበር ግን አታውቅም። አሁን እወቀው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አያትሽ ጆሯቸው አይሰማም፣ ስልክ አይወዱም እያልኩ ይችን ልጅ ስዋሻት አደገች። አንድ ሌላ ውሸትም አለብኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ይመር አሁን ግሮሩድ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥገና ይሠራል፤ የተሰበረ በር፣ የቀዘቀዘ ማሞቂያ የእሱ ነው። ከሥራ ሲመለስ ግን ሕንፃችን ሥር ያለው ምድር ቤት ይወርዳል። ሰው ሁሉ ስኪና ብስክሌት በሚያጉርበት ክፍል ውስጥ ራሱ ባቆመው የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሸማ ይሠራል። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ይህ ኳኳታ ምንድን ነው ብለው ሊከሱት ወርደው ነበር። መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ ሲሄድ ሲያዩ ቆመው ቀሩ። ሰምሃር የምትባል ኤርትራዊት ጎረቤታችን ለልጇ ሠርግ ነጠላ አሠርታ፣ በጨፈረች ቁጥር ጥለቱን ለሰው ታሳይ ነበር። እየሩሳሌምም ትምህርቷን እዚያው አጠገቡ ሆና ነው የምታጠናው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን አልወረደችም።

ማክሰኞ ላምበርትሴተር ስሄድ ለወይዘሮ ፊሊፓ ነገርኳቸው። ያ ሁሉ ጉራዬ ትዝ ብሏቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ድስቱን ከመጽሐፉ ላይ አነሡትና ሽፋኑን በእጃቸው ጠረጉት። ያኔ መጻፍ ነበረብኝ አሉ። አባቴን ፈርቼ አይደለም፤ ልመና መስሎኝ፣ ኩራቴ አልፈቅድ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ይህን መጽሐፍ የድስት ማሳረፊያ ሳደርገው መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ኢንግሪድ ግን የጠበቀችው ደብዳቤ ነው አሉኝ። ልጅቱ ያን ክረምት ሙሉ አላናገረቻቸውም። እስከ ዛሬም የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው፣ ስለ አየሩ አውርታ ትዘጋለች። አሁን ልጻፍ ቢሉም የሚያነብ የለም፤ አባትም ወንድምም ሞተዋል፣ ቤቱን ቱሪስት ይጎበኘዋል። አንቺ ግን ዛሬውኑ ጻፊ፣ የሚያነብልሽ በሕይወት እያለ አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ስለዚህ ስሕተቱ እንዲህ ይታረም። ሐረገወይን አለባቸው፣ ባለቤቷ ይመር አብተው፣ ልጃቸው እየሩሳሌም ይመር። ከሥሩ የልጄ የአባት ወገን ይግባ። ይመር አብተው፣ አብተው ሙሔ፣ ሙሔ እንድሪስ፣ እንድሪስ አደም፣ አደም ወልዬ፣ ወልዬ ጎበና፣ ጎበና ለገሠ። ሥራቸው ሸማኔ ብለህ ጻፍ፤ ጥበበኛ ምናምን እያልክ አታሽሞንሙነው። ቦታ ጠበበኝ እንዳትለኝ፣ ለቀኛዝማች በቅሎ ግማሽ ገጽ ሰጥተሃታል፤ ስሟንም ጽፈሃል። ይህ የማይሆን ከሆነ እኔንም አውጣኝ። ልጄ በሌለችበት እኔ ብቻዬን መጽሐፍ ውስጥ የምቀመጥበት ምክንያት የለኝም። አባባ ይታመሙብኛል፣ ጊዜው ይለፍ የሚለውን ወሬ ተወው፤ ጊዜው ሃያ ዓመት አልፏል።

ለገኒት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ወገቧን በሙቅ ውኃ ታስታምመው፣ ባልዲም አታንሣ። አቢን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ሒሳቡ ቢከብደው የአክስቱ ባል በስልክ ሊያስረዳው ይችላል በለው። ይታይሽን እማማ ስለደወለችበት ስልክ አመስግንልኝ፤ ነገሩ ይገባታል። ይመር ሁላችሁንም በየስማችሁ እንዴት ናችሁ ይላል። እየሩሳሌም ሰላም በይልኝ አላለችኝምና ከእሷ ሰላምታ አልጽፍልህም፤ ለወጉ ብዬ አልዋሽም።

ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ። ዓይናቸው ስለደከመ ይህችን የመጨረሻዋን ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ከአራት ዓመት በፊት ያን ኩታ ስልክላቸው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አስገዝቼው ነው ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። ይመር ነው የሠራው፣ እዚህ ምድር ቤት፣ ከድሩ እስከ ጥለቱ። የማን እጅ እንደሆነ ካወቁ እንደማይለብሱት ስለማውቅ ደበቅኩ፤ እሱም እንደብቅ ስለው እሺ አለኝ። መጽሐፍህን ሳሳየው ገጽ አርባ አንድን አነበበ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ፎቶውን በጣቶቹ አሰፋና ኩታውን ብቻ ብዙ አየው። ከዚያ ስስ አድርጌ ነበር የሠራሁት፣ ደሴ ደግሞ ብርድ ነው፣ ይሞቃቸው ይሆን? ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ እንደ እሱ ደግ አይደለሁም። ወይ የሠራውን ሰው ከነልጁ ጻፉት፣ ወይ አባባ ኩታውን ያውልቁና ሌላ ፎቶ ይነሡ።

እህትህ ሐረገወይን አለባቸው፣
የእየሩሳሌም እናት

ሮመን፣ ኦስሎ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.